የአብዱ ሽሮፕ

የበደለኝ አቶ ሰይድ ነው፤ የጤና ጣቢያው ኃላፊ የነበረው። የበደለኝም ነርስ ሆኜ ወደ ከሚሴ ከተማ በተዛወርኩ በሳምንቱ ነው። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፤ እናገረዋለሁ።

የመጀመሪያ ቀን የሕፃናት ክፍል ሰጡኝ። ፋጡማ የምትባል ወጣት እናት ከጨፋ ልጇን አብዱን አዝላ ገባች። ልጁ ወፍራም ነው፤ መዳፉን ስገልጠው ግን እንደ ጥጥ ነጥቷል።

«ምን ይበላል?» አልኳት።

«ወተት ነዋ ሲስተር፤ ላሞች አሉን አይደል? ደሞ የግድግዳ ጭቃ እየፋቀ ይልሳል። ብንመታውም አይተውም።»

ላቦራቶሪው የደም ማነስ ነው አለ። ደስ አለኝ፤ መድኃኒቱ መደርደሪያዬ ላይ አለ! የአይረን ሽሮፕ ሰጠኋት። ከወተት ጋር እንዳትሰጠው፣ ሰገራው ሲጠቁርም እንዳትደነግጥ ነገርኳት።

በሳምንቱ አማቷ እማማ ሉባባ ጠርሙሱን ይዘው መጡ።

«ማሎ! ልጄን ያቃጠለችው የታለች? አንጀቱ ከስሎ እየወጣ ነው!»

ሰይድ ከቢሮው ወጣ። ሰገራውን ያጠቆረው ሽሮፑ መሆኑን ከእኔ እኩል ያውቃል። ሴቶቹ ሁሉ እየሰሙ፣ «ይቅርታ እማማ፣ አዲስ ናት፤ ተሳስታ ነው» አለና ጠርሙሱን ተቀበላቸው። እኔን ወደ ቁስል ማጠቢያ ክፍል አዛወረኝ።

«ለምን?» አልኩት።

«ሕዝቡ ከሚቆጣብን አንቺ ብትቆጪ ይሻላል።»

ልጁስ? ስለ ልጁ አንድ ቃል አልተናገረም። ከፋርማሲ ሌላ ሽሮፕ ገዝቼ በባጃጅ ጨፋ ወረድኩ።

እማማ ሉባባ ደጃፋቸው ላይ ቆሙ። «ደሞ መጣሽ?»

«መጣሁ እማማ። ልጁ ደም የለውም። ይኼ ከቀረበት ይብስበታል።»

«ምን አለው በውስጡ?»

«ብረት።»

«ብረት? ማረሻ ልታደርጊው ነው?»

ድምፃችንን ሰምተው የወጡ ጎረቤቶች ሳቁ።

«ደም ያለ ብረት አይሠራም። ሰውነቱ ያልወሰደው ትራፊ ነው ሰገራውን የሚያጠቁረው» አልኳቸው።

«እስቲ አንቺ ጠጪው!»

ማንኪያ ሞልቼ ጠጣሁ። ደገምኩ። «ወላሂ፣ ነገ የእኔም ሊጠቁር ነው። መጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ!»

እማማ ሉባባ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ማንኪያውን ከእጄ ነጥቀው አብዱን ራሳቸው አጠጡት።

ከዚያ በየሳምንቱ ሄድኩ። ወተቱን ቀንሰው ምስርና ጉበት ጨመሩለት። አንድ ቀን ግቢያቸው ስገባ አብዱ ጥጃ ያባርራል! ይዤ መዳፉን ገለጥኩት፤ ቀልቷል። ያ ረቢ! ስመለስ እግሬ መሬት አልነካም።

ሰይድ በስብሰባ ላይ «ጤና ጣቢያችን ያዳነው ልጅ» ብሎ አብዱን ጠቀሰ። ሰው አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም።

እማማ ሉባባ ግን መጥተው «ያቺን ሴት ልጆቹ ዘንድ መልሷት» አሉት፤ መለሰኝ። ከዚያ ወዲህ አይረን ስሰጥ ለእናቲቱ ብቻ ነግሬ አላውቅም፤ አያቲቱ እስኪመጡ አስጠብቅ ነበር። ሰይድን እስከ ጡረታዬ ድረስ ሰላም አላልኩትም።