ለመርዶ የገባው ካሜራ

ይህን ነገር እናቴ አታውቅም። የንስሐ አባቴም አያውቁም፤ ፊታቸው ቆሜ ቀላል ቀላሉን ኃጢአት ስናዘዝ ይህንን እየዘለልኩ አልፌዋለሁ። ከአንድ ሰው በቀር ለማንም አልተናገርኩትም፤ ለእኚያ ሰውም የነገርኳቸው በጣም ዘግይቼ ነው። አሁን የኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ያን ጊዜ ገና ሁለተኛ ደረጃ ነበርኩ፤ የማደርገውን ግን አውቅ ነበር።

በዚያ ዓመት ከሜክሲኮና ከስፔን የመጡ የፊልም ሰዎች ዴንቨር አጠገብ አውሮራ ውስጥ እኛ በምንኖርበት አፓርትመንት በስፓኒሽ ድራማ ይቀርጹ ነበር። ታሪኩ በሆቴል ልብስ አጣቢነት ስለምትሠራ ሜክሲኳዊት ነው። ጎረቤቷ ደግሞ ልጇ አገር ቤት የሞተባት ሐበሻ እናት ናት። እኔ ስፓኒሽ ከክፍል ጓደኞቼ ለምጄ ስለነበር አስተርጓሚ አደረጉኝ። ዳይሬክተሩ በስሜ ሲጠራኝ ልቤ ይሞቅ ነበር። መመስገን እወዳለሁ። አስተማሪ «ጎበዝ» ካለችኝ ሳምንቱን ሙሉ በዚያች ቃል እኖራለሁ። ይህን የምጽፈው ሰበብ እንዲሆነኝ አይደለም፤ በሽታዬን እንድታውቁት ነው።

የሐበሻዋን እናት ሆነው እንዲሠሩ የተመረጡት ጎረቤታችን እትዬ ጽጌ ነበሩ። አረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ይሠራሉ። እኔንና ልጃቸውን ሜሮንን ስንት ክረምት ሙሉ በዚያ በረዶ ትምህርት ቤት ያደረሱን እሳቸው ናቸው። ደረጃ ሲወጡ፣ ሳህን ሲያጥቡ ካሜራው ወደዳቸው። በታሪኩ የልጃቸውን ሞት ሰምተው የሚያለቅሱበት ትዕይንት ሲደርስ ግን እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ።

«ልጄ በሕይወት እያለች ልጄ ሞተ ብዬ አላለቅስም። ሟርት ነው። ንገሪው» አሉኝ።

«ፊልም እኮ ነው እትዬ፤ ውሸት ነው።»

«ሞት ቀልድ አያውቅም። ቀላል ከሆነ እሱ እናቴ ሞተች ብሎ ያልቅስና ልየው።»

ስተረጉመው የፊልሙ ሠራተኞች ሳቁ፤ ዳይሬክተሩ አልሳቀም። ያ ለቅሶ ከሌለ ፊልሙ ፊልም አይሆንም አለ። ሲናገር የሚያየው እኔን ነበር።

በዚያው ሳምንት እናቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። የእትዬ ጽጌ ታናሽ ወንድም ታደሰ ደሴ ላይ ሞቷል። የሠፈራችን ሐበሻ ሽማግሌዎች፣ እትዬ ጽጌ ከሥራ ኦፍ በሚሆኑበት ማክሰኞ ማለዳ ሄደው ሊያረዷቸው ተስማምተዋል፤ እስከዚያ ማንም ትንፍሽ እንዳይል። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ብቻውን ላለ ሰውም አይነገርም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ታዲያ እኔን ማን ጠየቀኝ? ማንም። በገዛ እግሬ ሄጄ ለዳይሬክተሩ ነገርኩት። ማክሰኞ የእውነት ያለቅሳሉ አልኩት።

ቀጥሎ ያደረግኩት ከዚህም ይብሳል። ሽማግሌዎቹን ወደሚመሩት ጋሽ ግርማ ሄጄ፣ የፊልም ሰዎቹ ኀዘኑን ሊካፈሉ ይፈልጋሉ አልኳቸው። ጋሽ ግርማ ጥቂት አሰቡና «ለልቅሶ የመጣ ሰው አይመለስም። ጥቁር ይልበሱና ከኋላ ይቁሙ» አሉ። እንዲህ እንደሚሉ አውቅ ነበር። ፈረንጆቹ በራሳቸው ይህን በር አያገኙትም ነበር፤ ያሳየኋቸው እኔ ነኝ።

ማክሰኞ ማለዳ ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ እኛ ከኋላ ሆነን ገባን። እትዬ ጽጌ ፊታችንን አይተው ብቻ ገባቸው። ፊልም ቀራጩ ከኮቱ ሥር ትንሽ ካሜራ ይዟል፤ እኔ ከፊቱ ቆሜያለሁ። እሳቸው «ታዴ፣ ታዴ ወንድሜ» እያሉ ደረታቸውን ሲመቱ ወደ ግድግዳው ተጠጋሁ። ካሜራውን እንዳልከልለው። ሌላው ሁሉ ያለቅስ ነበር፤ እኔ ወደ ግድግዳው ተጠጋሁ።

ለቅሶው ጋብ ሲል እጄን ያዙኝ። «እነዚህ ሰዎች እንኳ በዚህ ማለዳ ለእኔ ብለው መጡ? አንቺ ነሽ ያመጣሽልኝ። ወልደሽ ሳሚ» አሉኝ።

አሜን አልኩ።

በኋላ ከሥዕሉ ሥር የሚጻፈውን የስፓኒሽ ትርጉም እንድሠራ ተጠየቅኩ። በታሪኩ የሚሞተው ልጅ ነውና «ወንድሜ» ያሉትን «ልጄ» ብዬ ጻፍኩ። ያንኑ አልልም ያሉትን ቃል በአፋቸው አደረግኩ። ጽፌ ወደሚቀጥለው መስመር አለፍኩ።

ፊልሙ በዓመቱ ዴንቨር ውስጥ በአንዲት ትንሽ ሲኒማ ቤት ታየ። እትዬ ጽጌ «የእኔ ነገር አለበት እንዴ?» ብለው ሲጠይቁኝ «ተቆርጧል» አልኳቸው። «እንኳን ተቆረጠ» ብለው ወደ ሥራቸው ሄዱ። እኔ ብቻዬን ገብቼ አየሁት። ያ ማለዳ ሲመጣ አጠገቤ የነበረች ሴት አፏን በእጇ ይዛ አለቀሰች። እኔስ ምን ተሰማኝ? እፍረት ነው ብል በቀለለኝ። ኮራሁ።

ባለፈው ወር የፊልሙን ዲቪዲ እዚሁ አውሮራ፣ ሃቫና በሚባለው መንገድ ላይ ያለው ፊልም አከራይ ቤት ውስጥ አየሁት። ሜሮን ፊልም የምትከራየው ከዚያ ነው። ሕሊናዬ ነቅቶ ቢሆን ኖሮ መልካም ነበር፤ እኔን ያስነሳኝ ግን ፍርሃት ነው። እትዬ ጽጌ ቤት ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጋሽ ግርማን እንዴት እንዳታለልኩ፣ ካሜራውን፣ ግድግዳውን፣ ትርጉሙን የሠራሁት እኔ መሆኔን።

ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ሜሮን ከመኝታ ቤት «ማም፣ ዋትስ ጎይንግ ኦን?» አለች።

«አንቺ ጥናትሽን አጥኚ» አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «የወንድሜን ስም ስጠራ ይሰማል?» አሉኝ።

«ይሰማል።»

«ከሥሩ ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

ነገርኳቸው። ወደ ሜሮን በር ዞረው አዩ። ተነሥተው የውጪውን በር ከፈቱልኝና «እግዜር ይቅር ይበልሽ» አሉኝ።

ይቅር የሚል ሰው «ይቅር ብዬሻለሁ» ይላል። እሳቸው ግን ወደ እግዜር መሩኝ፤ ልዩነቱ አይጠፋኝም። ይቅርታውን የመከልከል መብቱም የእሳቸው ነው። ስለዚህ ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ አዝናችሁልኝም ቢሆን፣ በእሳቸው ፋንታ ይቅር እንዳትሉኝ እለምናችኋለሁ።