ሁለተኛው አሳዳጊ

አክበረት ከልጇ ከሶሲ ጋር ስዊድን፣ ስቶክሆልም ዳርቻ ባለችው ኖርስቦሪ መኖር ከጀመረች አምስት ዓመት አለፋት። ስቶክሆልም የመጣችው ለትምህርት ነበር፤ አሁን አንድ ዳቦ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ ሆና ትሠራለች። ባሏ ይገዙ አብሯቸው ሊመጣ ሁሉም ነገር አልቆለት ነበር። ሊሳፈሩ አራት ቀን ሲቀራቸው እናቱ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሎ አልጋ ላይ ዋሉ። ከእሱ በቀር ልጅ የላቸውም።

«እናንተ ቅደሙ፤ እማዬ ሻል ሲላት እከተላችኋለሁ» አለ።

ሶሲ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። ዛሬ አምስተኛ ክፍል ናት።

አክበረት ብቻዋን መወሰን ለመደች። ሐኪሙንም፣ ትምህርት ቤቱንም፣ የውሃ ዋና ትምህርቱንም እሷ ትመርጣለች፤ ለይገዙ የምትነግረው ካለቀ በኋላ ነው። እሱም «ጥሩ አደረግሽ» ይላል።

በመስከረም ሶሲ ከትምህርት ቤት ወረቀት ይዛ መጣች። የማህፀን በር ካንሰርን የሚከላከል ክትባት ለክፍሉ ልጆች ሊሰጥ ስለሆነ ወላጆች ሳምቲኬ፣ ማለትም ፈቃዳቸውን፣ እንዲሰጡ ይጠይቃል። አክበረት የዚያኑ ዕለት ፈርማ መለሰችው። በሁለተኛው ቀን የትምህርት ቤቱ ነርስ ሽርስቲን ደወለችላት።

«ወረቀቱ ላይ ያንቺ ፊርማ ብቻ ነው ያለው። አባቷም አሳዳጊ ሆኖ ተመዝግቧል።»

«አባቷ አዲስ አበባ ነው።»

«የትም ቢሆን መብቱ ነው። ክትባቱ ግዴታ አይደለም፤ የምንሰጠው ሁለታችሁም ስትስማሙ ነው። ጥያቄ ካለው እኔ ራሴ ላናግረው እችላለሁ።»

ነገሩ ቀላል መሰላት። ወረቀቱን ፎቶ አንስታ ላከችና «የትምህርት ቤቱ ነርስ አባቷስ ምን ይላል ብላለች፤ ከታች ፈርምልኝ» ብላ ጻፈችለት። በሦስተኛው ቀን አንዲት ቃል መጣች፤ «አልፈርምም።»

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ልትቆጣው ደወለች።

«ምን ሆነህ ነው? ክትባቱን ፈርተህ ነው?»

«ምኑን አውቄ እፈራለሁ? የላክሽልኝ ስዊድንኛ ነው።»

«ብትጠይቀኝ እተረጉምልህ ነበር።»

እናቱ ውሃ ሲጠይቁት ተሰማት፤ አጠጥቷቸው ተመለሰ።

«ልጄ ትምህርት ቤት መቀየሯን የሰማሁት ከቀየረች በኋላ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ቶንሲሏ ሲወጣም እንዲሁ። በአምስት ዓመት ውስጥ አንተስ ምን ትላለህ ብላ የጠየቀችኝ ይቺ የማላውቃት ነርስ ናት። እና በአንድ ደቂቃ ፈርሜ ልገላገለው?»

አክበረት እሑድ እሑድ ከሶሲ ጋር ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ፣ ቱነልባና በሚሉት የምድር ውስጥ ባቡር ውስጥ ልጅ በመሃላቸው አስቀምጠው የሚሄዱ ባልና ሚስት ባየች ቁጥር ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች። ናፍቆቱ የእሷ ብቻ ይመስላት ነበር።

የዚያኑ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብላ ሁለቱን ገጽ በሙሉ በአማርኛ ጻፈችለት። ልጅቷ ከዚህ በፊት ተከትባ ያመማት ነገር ነበር ወይ የሚል ጥያቄ ላይ ስትደርስ ቆመች። ትዝ አላላትም። ለይገዙ ደወለችለት፤ እሱ ግን ያስታውሳል።

«በዘጠኝ ወሯ የኩፍኙን ያስከተብኳት እኔ ነኝ፤ አንቺ ፈተና ላይ ነበርሽ። ክንዷ አብጦ ሁለት ቀን ከደረቴ አላወረድኳትም። ይህን ለነርሷ ንገሪያት።»

ሰኞ ሦስቱም በአንድ መስመር ተነጋገሩ፤ አክበረት አስተረጎመች። ሽርስቲን ሳትቸኩል አዳመጠችው። እንዲህ ያለው እብጠት የተለመደ መሆኑን፣ ሶሲንም ከተከተበች በኋላ አጠገቧ አስቀምጣ እንደምትጠብቃት ነገረችው። «ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ» አለችው።

ማታ ይገዙ ሶሲን አናገራት።

«አንቺስ ትፈልጊያለሽ?»

«ያ» አለች በስዊድንኛ፤ አዎ ማለቷ ነው። ቀጥላም በአማርኛዋ፣ ቃሉን እየፈለገች፣ «አልፈራም። አንተ ትመጣለህ፣ አባ?»

«ለአሁኑ አልደርስም፣ ልጄ።»

«ሁለተኛ አለ። ከስድስት ወር በኋላ።»

እመጣለሁ አላለም። ልጅቷም ደግማ አልጠየቀችውም። በማግስቱ የተፈረመው ወረቀት መጣ። ስሙን ከነአያቱ፣ አንድም ፊደል ሳያጎድል ጽፎታል።

ሐሙስ ሶሲ ተከተበች። ነርሷ ዘንድ ተቀምጣ ስትጠብቅ የደወለችው ለአባቷ ነው።

«የትኛው ክንድሽ ነው?» አላት።

«ግራ።»

«ዛሬ ቦርሳሽን በቀኝ ያዢ።»

ይህን ለአክበረት የነገረቻት ሶሲ ናት። አክበረት መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃውን ከፍታ አለቀሰች።

ይገዙ እስከ ዛሬ አልመጣም፤ እናቱም አልተነሱም። አክበረት ግን ከዚያ ወዲህ ወረቀት ሲመጣ ከመፈረሟ በፊት ትተረጉምለታለች። ናፍቆቷ አልቀነሰም። እንዲያውም ብሶባታል፤ ስለ ልጃቸው ሲያስብና ሲያመነታ በሰማችው ቁጥር እቤት ውስጥ ያለ ይመስላትና ስልኩ ሲዘጋ መለየታቸው አዲስ ይሆንባታል።

ባለፈው ሳምንት የሶሲ ክፍል ሐይቅ ዳር ሄዶ ሁለት ቀን ሊያድር ነው ተባለ።

«ሐይቁ ምን ያህል ጥልቅ ነው?» አላት ይገዙ፣ ወረቀቱን ስትተረጉምለት።

አክበረት አላወቀችም። «ጠይቄ እነግርሃለሁ» አለችው።