ዋሻው የማን ነበር

አሶሳ ውስጥ ሳሊማን የማያውቅ ልጅ የለም፤ የሚያውቋት ግን በድምፅዋ ነው። ጋሽ አሳምነው ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት የቤተሰብ ፊልም ሲያሳይ፣ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀንሳ በማይክ የምትተርክልን እሷ ናት፤ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥላ በበርታ ቋንቋ። እንግሊዝኛው ስለማይገባት ፊልሙን ቀድማ ሁለት ሦስቴ ታየዋለች። ስድስት ዓመት ሙሉ ከንግሥቶቹም፣ ከዘንዶዎቹም፣ ከሚያወሩት ዛፎችም ያስተዋወቀችን እሷ ናት።

እኔን የሚያንገበግቡኝ ፊልሞቹ ናቸው። ንጉሡ ነጭ፣ ልዕልቷ ነጭ፣ ፈረሱ እንኳ ነጭ! ጥቁር ከመጣ ጭራቅ ነው። ስም የለው፣ ልጅ የለው፤ ያጓራል፣ ይሞታል። እኛ ደግሞ አናፍርም፣ ከፍለን ገብተን እናጨበጭባለን።

ባለፈው ወር የሳሊማ ልጅ፣ የሰባት ዓመቷ ነዕማ፣ ፊቷን ዱቄት ተለቅልቃ ከጨዋታ ገባች። ልጆቹ ልዕልት ለመሆን ሲሻሙ እሷን "አንቺ ጥቁር ስለሆንሽ ጭራቁን ሁኚ" ብለዋት ኖሯል። ሳሊማ የልጇን ፊት እያጠበች አለቀሰች። ጨዋታውን በማይክ እየተረከች ለልጆቹ ያስተማረችው ራሷ ነበረች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የታየው ፊልም ላይ ልዑሉ ከዋሻ ወርቅ ሊያመጣ ይዘምታል። የዋሻው ጠባቂ እንደተለመደው ጥቁርና ቀንዳም ነው። የሳሊማ እናት ዕድሜዋን በሆሞሻ በኩል ወንዝ ዳር ወርቅ ስታጥብ የኖረች ሴት ናት። ሳሊማ ማይኩን ያዘችና ጭራቁን እያሳየች፣ "ይኼ ሰውዬ ወርቁን ከአባቱ ነው የወረሰው። ዋሻው ቤቱ ነው። ይኼን ልጅ ደግሞ ማን ጠራው?" አለች።

ከተመልካቹ ግማሹ ወርቅ አጣቢ ነው። ሌላ ሰው በቆፈረው ጉድጓድ ሳያስፈቅዱ መግባት ምን ማለት እንደሆነ ለእነሱ አይነገራቸውም። አንድ ሽማግሌ "ውጣ ከሰው ጉድጓድ!" ብለው ልዑሉ ላይ ጮኹ፤ ሌላውም ተከተላቸው። ነዕማ የፊተኛው አግዳሚ ላይ ቆማ ታጨበጭብ ነበር።

ጋሽ አሳምነው ከበሩ እየሮጠ መጣ። "ኧረ ሳሊማ፣ ምነው ፊልሙን ገለበጥሽው? አክተሩ እኮ ልዑሉ ነው! ያለውን ተናገሪ፤ አለዚያ ማይኩን አምጪ!"

ሳሊማ ማይኩን አልለቀቀችም። ልዑሉ ሰይፉን መዘዘ። ነዕማ ወደ እናቷ ዞረች።

"እማ፣ አክተር አይሞትም አይደል?"

ሰይፉ ወረደ። ልዑሉ ወርቁን ፈረሱ ላይ ጫነ፤ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ሕዝብ ጨፈረ። ከእኛ በኩል አንድም ሰው አላጨበጨበም።

"በይ እንጂ ተናገሪ!" አለ ጋሽ አሳምነው።

ሳሊማ ማይኩን ወደ አፏ አስጠጋች። "ሰውየውን ቤቱ ድረስ ገብተው ገደሉት። ወርቁን ጭነው ሄዱ።" በበርታ ቋንቋም ደገመችው። ከዚያ ማይኩን ለጋሽ አሳምነው ሰጠችውና የልጇን እጅ ይዛ ወጣች።