ከጪጩ ያልተመለሰው ሞተር

ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ አንድ ወጣት መምህር በራችን ላይ ቆሞ መኪናዬን ዙሪያዋን ሲያይ አገኘሁት። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚነሳ፣ የድሮ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ናት። ዲላ ውስጥ በባጃጆቹ መሃል ስታልፍ ስልኩን የማያወጣ የለም። ኮፈኑን እንድከፍትለት ለመነኝና ከፈትኩለት።

«እማማ፣ ይሄ እኮ የፒክአፕ ሞተር ነው። ማን ነው የገጠመው? እጁ ይባረክ።»

«አይባረክ» አልኩት። ልጁ ደነገጠ። ይደንግጥ።

ያስገጠመው አጎቴ በራሶ ነው፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም።

አባቴ የአንድ ግሪክ ቡና ነጋዴ ሾፌር ነበር። ነጋዴው አገር ለቆ ሲሄድ መኪናዋን ለአባቴ ተወለት። ሞተሯ ጎርነን ያለ ነበር፤ ማርሽ ሲቀየር ደግሞ እንደ ሰው ሳል ያለ ድምፅ ያሰማል። አባቴ ከዲላ ወጣ ካለችው ከጪጩ ሲመለስ እናቴ ያን ሳል ገና ከድልድዩ ማዶ ትሰማና ጎመኑን ታሞቃለች፣ ቆጮውን ትቆርሳለች። እሱ ግቢ ሲገባ ምሳው ቀርቦ ይጠብቀዋል። እሱ ከሞተ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ እነዳት ጀመር፤ መንዳት ያስተማረኝ ራሱ ነው። እናቴም ድምፁን ስትሰማ ተነስታ ጎመን ታሞቃለች። ሴትዮዋን ነካ አድርጓታል ያሉ ጎረቤቶች ነበሩ። እኔ ግን ከአባቴ የቀረን ያ ድምፅ መሆኑን አውቅ ነበር።

የቡና ለቀማ ወቅት ነበር። እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ይሸታል፣ የዓመት ልፋት ገደል ይገባል። አጎቴ ጪጩ ላይ የቡና መፈልፈያ ነበረው፤ የመፈልፈያው ሞተር በለቀማው መሃል ተሰበረ። እኔ ይህን የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ከሰዓት በኋላ ቤት ስደርስ የአባቴ መኪና ሞተር ከአቮካዶው ዛፍ ላይ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ አየሁት።

«ጋሼ፣ ማንን አስፈቅደው ነው?»

«ወንድሜን» አለ ዞር ብሎ እንኳ ሳያየኝ። «የሞተ ሰው መኪና አይነዳም። የገበሬው ቡና ግን እየሸተተ ነው። ለቀማው ሲያልቅ መልሼ እገጥመዋለሁ።»

እናቴ ከበረንዳው ወደ ጓዳ ገባች። የባሏ ወንድም ነው፣ ምን ትበል።

በማግስቱ ጪጩ ወረድኩ። ሞተሩ ወፍራም ጣውላ ላይ ታስሮ መፈልፈያውን በጎማ ቀበቶ፣ በቺንጋ፣ ያዞራል። የአባቴን ድምፅ በጆንያ ተሸካሚዎች ጩኸት መሃል ሰማሁት። መኪና ሲነዳ ሞተሩን ነፋስ ያቀዘቅዘዋል፤ እዚያ ቆሞ የሚሠራ ሞተር ግን ነፋስ ከየት ያገኛል? ስለዚህ ቱቦ ቀጥለው ከቡና ማጠቢያው ቦይ ውሃ ሰደዱበት። ያ ውሃ ከቡናው የሚወርድ ዝልግልግ ሙጫ አለበት፣ ጣት ያጣብቃል። ጪጩ ላይ ይህን የማያውቅ የለም። ለአጎቴ ነገርኩት።

«ውሃ ውሃ ነው» አለኝ።

ሙጫው ሞተሩ ውስጥ በሰለ። መጀመሪያ የተቃጠለ ስኳር ሸተተ፣ ቀጥሎ ሞተሩ አንዴ ጮኸና ቆመ። ከዚያ ወዲያ አልዞረም።

አጎቴ ወደ ገደብ ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ከተገለበጠ ፒክአፕ ለመኪናዋ ሌላ ሞተር አስመጣ። ቁመቱ አልገባ ሲል ኮፈኑን በብረት መጋዝ አስቆርጦ ጉብታ አስበየደበት፤ ያን አባቴ በሸሚዙ እጅጌ የሚወለውለውን ኮፈን። ሽማግሌ ጠራሁ። አጎቴ በግና ማር ይዞ ቀረበ።

«ልጄ» አሉ አንደኛው ሽማግሌ፣ «ሞተር ሄደ፣ ሞተር መጣ። መኪናው ይሄዳል አይደል? በይ ተነሺ፣ የአጎትሽን ጉልበት ሳሚ።»

ተነሳሁ፤ ግን በበሩ ወጣሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በዘመዶቼ ዘንድ ስሜ ክፉዋ ነው። ክፉ መባል ብዙ ሰው ከቤት ያርቃል፣ አልጠላሁትም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መኪናዋን ነዳኋት። ድሮ እያሳለች የምትወጣውን የጪጩን ዳገት ሳትተነፍስ ወጣችው። ግቢ ገባሁ። ኩሽናው ጭስ የለውም፣ ጠረጴዛው ባዶ ነው። እናቴ ከጓዳ ሆና «ማን ነው የመጣው?» አለች።

እስክትሞት ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ይህንኑ ትጠይቀኝ ነበር።

መምህሩ ሞተሩን እንዳስነሳለት ጠየቀኝ። ቁልፉን ሳዞረው ወዲያው ተነሳ፤ ዝናብም ይሁን ብርድ እንዲሁ ነው። አጎቴ ከሞተ ቆይቷል። ቀብሩ ላይ ቆሜያለሁ፣ አላለቀስኩም። ዘመዶች አሁንም፣ ሰውየው አፈር ሆኗል፣ ይቅር በይው ይሉኛል። ይህ ሞተር አንድ ጠዋት እምቢ ቢለኝ፣ አንድ ዳገት ላይ ገትሮኝ ቢቀር፣ አጎቴ ተሳስቶ ነበር ብዬ ይቅር እለው ነበር። ሞተሩ ግን አንድም ቀን እምቢ ብሎኝ አያውቅም።