ኹጥባው እስኪያልቅ

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። ውሃ ሲባል የማውቀው የቦኖ ወረፋ ነው፤ ከጀሪካን የበለጠ ውሃ ደግሞ አላምንም። ጓደኛዬ ግን የሐይቅ ልጅ ናት። እናቷ ዳር ላይ ልብስ ስታጥብ እሷ ውሃው ውስጥ ስትምቦራጨቅ ነው ያደገችው።

የተዋወቅነው ካርቱም ነው። ዐማራት የሚባል ሰፈር ውስጥ ጎን ለጎን በሆኑ ሁለት ቤቶች ተቀጥረን እንሠራ ነበር። ጣራ ላይ ልብስ ስናሰጣ በግንቡ ላይ እናወራለን። ወሬዋ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነው።

«ይሄ ሁሉ ውሃ በግራ በቀኝ እየሄደ እኔ በባልዲ ልታጠብ? ኧረ ግፍ ነው!»

«ዝም ብለሽ ታጠቢ አቦ፣ ምን አባሽ ጎደለሽ!» እላታለሁ።

ያን ጊዜ ሴት ልጅ ወንዝ ዳር ፀጉሯን ገልጣ ከታየች ፖሊስ ጣቢያ ነው የምታድረው። መዋኘት ማለትማ የማይታሰብ ነው። እሷም ታውቃለች። ግን እህቷ ሪያድ ሥራ አግኝታላት ቪዛ እየጠበቀች ነበር። ከዚያ የተመለሱት ሴቶች ደግሞ ነግረውናል፤ ከገባሽ ኮንትራትሽ እስኪያልቅ የግቢውን በር አታልፊም፣ አገሩም አሸዋ ነው።

አንድ ቀን አንሶላ እየጨመቀች፣ ቀልዱን ትታ፣ «ከመሄዴ በፊት አንዴ ልዋኝ» አለችኝ። «አንዴ ብቻ። ከዚያ ቢቆልፉብኝም ይቆልፉብኝ።» ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔ ሰው ሲያለቅስ እናደዳለሁ፣ አንጀቴን ስለሚበላኝ ነው መሰለኝ። «እሺ በቃ፣ እንፈልጋለን!» ብዬ ጮህኩባት።

የዕረፍት ቀናችን ጁምዓ ነው። መጀመሪያ ቡሪ ሄድን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ በረድ ሲል። ምን እናውቃለን! ለካ ካርቱም በሙሉ በዚያ ሰዓት ምንጣፉን ተሸክሞ ወንዝ ዳር ይወርዳል። ገና ቦታ ስንፈልግ በስሜ የሚጠራኝ ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል አሠሪዬ፣ መዳሜ! ከነልጆቿ፣ ከነእህቶቿ፣ ከነቴርሞሱ። «ማሻአላህ፣ በሰዓቱ መጣሽ!» አለችና ብርጭቆውን ሰጠችኝ። በገዛ ዕረፍቴ ቀን እስከ መግሪብ ሻይ ስቀዳ ዋልኩ። ጓደኛዬም አብራኝ ብርጭቆ ስታጥብ ዋለች፣ በዓባይ ውሃ። «ይኸው እጄ ገባ» እያለች ትስቅብኛለች።

በሌላው ጁምዓ ጀሪፍ ሄድን፤ ዳሩን ጡብ የሚያቃጥሉ ሰዎች ሞልተውታል። በኋላ የጓደኛዬ አሠሪዎች ሾፌር ስለ ሱንት ነገራት። ነጭ ዓባይ ዳር ያለ የግራር ጫካ ነው፤ መንግሥት ለወፎቹ ብሎ የሚጠብቀው ጥብቅ ደን። በክረምት ውሃ ይውጠዋል፣ በበጋ ውሃው ይጎድልና መሬቱ ይወጣል። መግቢያው ላይማ እንደ ቡሪ ነው፣ ሻይ ሻጭ፣ መኪና አጣቢ፣ ቤተሰብ። እንመለስ ብላት እሷ መቼ ሰምታኝ! ጫማዋን በእጇ ይዛ በጭቃው ውስጥ ወደ ፊት፣ ወደ ፊት። እኔ እሾህ ወግቶኝ እየተራገምኩ ከኋላ።

ዛፎቹ ድንገት አለቁና አሸዋ ሆነ። ወደ ውስጥ ጎበጥ ያለች ጠባብ ዳርቻ ናት፤ ግራሮቹ ከበዋት ከመንገድ አትታይም። ነጫጭ ወፎች ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ቆመዋል። ጓደኛዬ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እኔም፣ ውሸት ምን ያደርጋል፣ ደስ አለኝ። ግን ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ዘርግተው ቁጭ ብለዋል።

«ቦታውስ እሱ ነው» አለች ስንመለስ። «ሰዎቹ ናቸው ትርፍ።»

በመጣን ቁጥር ሰዎቹ አሉ። የበጋው ወራት እያለቀ፣ ቪዛውም እየተቃረበ ሄደ። አንድ ጁምዓ መዳሜ ማታ እንግዳ አለብኝ ብላ ከሰዓቱን ከለከለችኝ፤ ያለኝ ቀትሩ ብቻ ሆነ። በዚያ ሐሩር ጭንቅላቴ እየፈላ፣ ሀፍላ በሚሉት አውቶቡስ ውስጥ ነጂውንም እሷንም እየተቆጣሁ ደረስን። አሸዋው ጋ ቁጭ እንዳልን ከጫካው ወዲያ አዛን አለ። ዓሣ አጥማጆቹ ተነሡ፣ እጅ እግራቸውን ታጥበው ውዱእ አደረጉ፣ መረባቸውን ዛፍ ላይ ጥለው ሄዱ። ሁሉም! ወፎቹና እኛ ብቻ ቀረን።

ተያየን። «እኛ ሁለት እስላሞች» አልኳት፣ «ጁምዓ ሰላት ላይ ወንድ ሁሉ መስጊድ እንደሚገባ ለማወቅ ይሄን ሁሉ ወር ፈጀን? አይ ጅልነት!»

ማን ይስማኝ! ቶቧን፣ ያንን ሱዳኖች የሚጠቀለሉበትን ረጅም ጨርቅ፣ እላዬ ላይ ወርውራ ከነቀሚሷ ገብታለች። እኔ ደረቴን እየደበደብኩ «ኧረ አዞ! ኧረ ልጄን!» እላለሁ። እሷ ጠልቃ ራቅ ብላ ወጣች፣ ፊቷን ጠራረገችና ዝም ብላ በጀርባዋ ተንሳፈፈች። ፊቷ ላይ ያየሁትን እርጋታ እዚያ ጣራ ላይ አንድም ቀን አይቼባት አላውቅም።

ከዚያ ወዲያ ሥራችንን ተከፋፈልን። እሷ ትዋኛለች፣ እኔ ቁርጭምጭሚቴን እያራስኩ ጆሮዬን ድምፅ ማጉያው ላይ እጥላለሁ። ኢማሙ ኹጥባውን እያሰማ እስከሆነ ድረስ ሰላም ነው። ሰላቱ ሲጀመር መውጣት አለባት። ኢማሙ ደግሞ፣ ዕድሜ ይስጣቸው፣ ስብከት የሚወዱ ሽማግሌ ናቸው። ስንቱ ሰጋጅ እያንቀላፋ ሲያማቸው እኛ «ይጨምሩልን» እያልን ዱዓ እናደርጋለን። ስትወጣ ዙህራችንን፣ የቀትሩን ሰላት፣ እዚያው አሸዋው ላይ ሰግደን እንመለሳለን።

«ግቢ እንጂ!» ትለኛለች ሁልጊዜ።

«እኔ ለእግሬ መጥቻለሁ፣ ተይኝ።»

ቪዛው መጣ። በመጨረሻው ጁምዓ ከወትሮው ራቅ ብላ ሄደች፤ ራሷ ብቻ ይታየኛል። ድምፅ ማጉያው ተከፈተ። ሽማግሌው አይደሉም! የወጣት ድምፅ ነው፣ ይጣደፋል። ተረጋግቼ ሳልቀመጥ «አላሁ አክበር» አለ፣ ሰላት ገባ። ጮህኩ፣ አትሰማም። ሁለት ረከዓ ምን ያህል ነው? አሰላመቱ፣ ጨረሱ። ትንሽ ቆይቶ የዓሣ አጥማጆቹ ወሬ ከዛፎቹ መሀል ተሰማ። እሷ ውሃ ውስጥ፣ ቶቧ እጄ ላይ፣ ቀሚሷ ገላዋ ላይ ተጣብቋል። ቢይዟትስ? ጉዞዋስ?

ገባሁ። ወላሂ እንዴት እንደገባሁ አላውቅም። ጉልበቴ፣ ወገቤ፣ ደረቴ። አሸዋው ከእግሬ ሥር ይሸሻል። ቶቡን በሁለት እጄ ዘርግቼ ቢስሚላሂ እያልኩ ቆምኩ። ዞር ብላ አየችኝና ወደ እኔ ዋኘች።

«ገባሽ!» ትላለች እየሳቀች። «አንቺ፣ ገባሽ እኮ!»

«ተጠቅለይ! ኋላ እሰድብሻለሁ!»

ሁለታችን በአንድ ቶብ ተጠቅልለን፣ ተጣብቀን ወጣን። አንደኛው ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ አየንና ዓይኑን መሬት ላይ አደረገ።

«ወደቃችሁ?» አለን።

«ወደቅን።»

«ሁለታችሁም?»

«ሁለታችንም» አልኩ። ሀፍላው እስኪደርስ በሳቅ ሞትን። በዚያው ሳምንት ሄደች።

እኔ ካርቱም ቀረሁ። ዓመታት አለፉ፣ ሞባይል መጣ። ውሃው ሲጎድል ጁምዓ ጁምዓ ብቻዬን ሱንት መሄዴን አልተውኩም፤ አሁን እስከ ወገቤ እገባለሁ። አንድ ቀን እንደዚያው ቆሜ ስልኬ ጮኸ። እሷ ናት፣ ከሪያድ።

«የት ነሽ?»

«የት ልሆን? ጁምዓ አይደል?»

«በይ ውሃውን አሰሚኝ። እዚህ የምሰማው የቧንቧውን ብቻ ነው።»

ጎንበስ ብዬ ስልኩን ወደ ውሃው ዝቅ አደረግሁት። በሌላው እጄ ቀስ እያልኩ ውሃውን ቀዘፍኩላት። ብዙ ቆየሁ፣ ጎኔን እስኪያመኝ። ወደ ጆሮዬ ስመልሰው ትንፋሿ ብቻ ነው የሚሰማው፤ ማልቀሷ ገብቶኛል። በዚህ መሀል ከጫካው ወዲያ «አላሁ አክበር» አለ።

«ውጪ!» ብላ ጮኸች ከሪያድ። «ውጪ አንቺ፣ ሰላት ጀመሩ! ቶብሽ የት ነው? ቶሎ በይ፣ መጡብሽ!»

ምን አደርጋለሁ፣ እየሳቅኩም እያለቀስኩም ወጣሁ።