የወፍጮ ቤቱ ምስማር

ማንም ሳያስገድዳቸው «ሥራ ቦታችንን ፈትሹልን» ለሚሉ አሠሪዎች፣ ከአደጋ የተጠበቀ ሆኖ ስናገኘው ምስክር ወረቀት እንሰጣለን፤ ሥራዬ ይኸው ነው። ባለፈው ጥር አንዱን ይዤ ወዳደግሁባት ዘመሮ ወጣሁ። ተሸላሚው በልጅነቴ እህል ይዤ የምመላለስበት ወፍጮ ቤት ባለቤት፣ ጋሽ ወርቅነህ ናቸው።

ገና በሩ ላይ አስቆሙኝ። እህል ያመጡ ሴቶች፣ ወፍጮውን የሚያዞረው ቺንጋ እንዳይጎትታቸው ነጠላቸውን ምስማር ላይ ሰቅለው ነው የሚገቡት። እኔ መታወቂያዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥያለሁ።

«ያንን ገመድ አውልቅ!»

«ጋሽ ወርቅነህ፣ እኔ እኮ ሸላሚው ነኝ።»

«ሸላሚ አንገት የለውም?»

ሴቶቹ ሳቁብኝ። አወለቅሁ። ትኩስ የገብስ ዱቄት ሲሸተኝ ልጅነቴ መጣብኝ።

ምስክር ወረቀቱን ተቀብለው መስቀያ ቢፈልጉ ባዶ ምስማር ጠፋ። በመጨረሻ ከጥግ አንድ ዱቄት የለበሰ ቀይ የሱፍ ሻርፕ አወረዱ።

አወቅሁት። ነፍሷን ይማርና እናቴ የሠራችልኝ ነው። ልጅ ሳለሁ አንገቴ ላይ ጠምጥሜው ወደ ቺንጋው ስሮጥ ጋሽ ወርቅነህ ቀሙኝ፤ ከዚያ ወዲያ ፈርቼ ልጠይቃቸው አልደፈርኩም።

ወረቀቱን በቦታው ሰቀሉና ሻርፑን አራግፈው ሰጡኝ። ወዲያው አንገቴ ላይ ልጠመጥመው ስል እጄን ያዙኝ።

«መጀመሪያ ከበሩ ውጣ!»