ለፋዲላ የተቀመጠው ሀብሀብ

ፎዚያ ከአርሲ ነገሌ ተድራ አዳማ ከገባች ወዲህ ያልሞከረችው ሥራ የለም። ልባሽ ጨርቅ ነግዳለች፣ ሳምቡሳ ጠብሳ ሸጣለች። ሀብሀብ ግን የባሏ የኑሬ ሥራ ነበር። ኑሬ የጭነት መኪና ሾፌር ሳለ ዘሩን ከአዳሚ ቱሉ በመሐረብ ቋጥሮ አመጣና ከኩሽናው ጀርባ ዘራው። እሱ ከሞተ በኋላ ሐረጉ የእሷ ሆነ። ለማን እንደምትደክም ለጠየቃት ሁሉ መልሷ አንድ ነው፤ «ለልጄ።»

ልጇ ፋዲላ ጅዳ ሰው ቤት ተቀጥራ የሰው ልጅ ታሳድጋለች። ከሄደች ወዲህ አገሯን አላየችም። ትንሽ ሳለች ሀብሀብ ሲቆረጥ ልቡን፣ ያንን ዘር የሌለበትን የመሀሉን ቀይ፣ ማንም አይነካባትም ነበር። አንድ ቀን በስልክ፣ «እማ፣ እዚህማ ሀብሀብ ሞልቷል፤ ለልጆቹ ስቆርጥ ነው የምውለው» አለቻት። «ልቡን ግን አንድም ቀን በልቼ አላውቅም።» ፎዚያ ያን ቀን ምሳ አልወረደላትም።

ዘንድሮ ፋዲላ ለእረፍት ልትመጣ ሆነ። ፎዚያም ሐረጉ ጉልበቱን ሁሉ ለአንድ እንዲሰጥ ብላ ሌሎቹን እንቡጦች ቀጥፋ ጣለች፤ አንዱን ብቻ አስቀረችና ለፋዲላም በስልክ ነገረቻት። ከሥሩ ጭድ አነጠፈችለት። ጎረቤቷ አማረች መጥታ፣ «ይሄ ነው?» ብላ በጣቷ ብትጠቁም፣ ፎዚያ እጇን በጥፊ መታችው። ለጋ ፍሬ በጣት ከተጠቆመ ይረግፋል፤ ማሳየት የፈለገ በጭብጡ ያሳይ። አማረች እጇን እያሻሸች፣ «ልጅቷንም በጭብጥ ነው የምንቀበላት?» ብላ አሾፈች።

ፋዲላ ልትመጣ ሁለት ቀን ሲቀራት ጠፍቶ የከረመው የቧንቧ ውሃ መጣ። ሰፈሩ በሙሉ በርሜልና ጀሪካን ይዞ ሲራወጥ፣ ፎዚያ ጎማውን በቀጥታ ወደ ሐረጉ ወሰደችው። ኑሬ፣ «ሊደርስ ሲል ውሃ ንፈጊው» ይላት እንደነበር ረስታው አይደለም። ደስታ ግን ምክር አይሰማም። ልጇም ውሃውም አንድ ላይ የመጡላት መሰላትና ደረቁን መሬት እስኪጠግብ አጠጣችው።

ጠዋት ስትወጣ ሀብሀቡ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰንጥቆ ቀዩ ጭዱ ላይ ይፈሳል። ጉንዳን ቀድሟታል።

«ወዮ!» አለች አማረች ጩኸቷን ሰምታ ስትመጣ። «በጣቴ ስለጠቆምኩት ይሆን?»

«የኔው እጅ ነው። ውሃ ለቀቅኩበት።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለች አማረች፤ የፎዚያን ፊት ስታይ ግን መናገሯ ጸጸታት። የተሰነጠቀ ሀብሀብ በአዳማ ሙቀት ሳይበላሽ ምሳ ሰዓት አይደርስም። አጥበው በትሪ አቀረቡትና አማረች መብላት ጀመረች። ፎዚያ አልቀመሰችም። ለነገ ሌላ ከገበያ እገዛለሁ እያለች ራሷን ስታጽናና ስልኩ ጠራ።

ፋዲላ ነበረች፤ ታለቅሳለች። «እማ፣ ቀረሁ። ማዳም ልትወልድ ነው፤ አሁን የትም አትሄጂም አለችኝ።»

ፎዚያ በርጩማው ላይ ቁጭ አለች። ስንት ጊዜ በሐሳቧ ያቀፈቻት ልጅ ከእጇ ሾልካ የወጣች መሰላት። «አልሀምዱሊላህ፣ አንቺ ደህና ሁኚልኝ እንጂ» አለች።

«ሀብሀቡስ? ደርሶ ነበር አይደል? ያን ሁሉ ለፍተሽ እኔው አበላሸሁብሽ።»

ፎዚያ ትሪውን አየችው። እውነቱን ብትነግራት ልጅቷ እዚያ ሰው ቤት፣ አንድ የሚያባብላት ሳይኖር፣ ራሷን ስትወቅስ ነው የምትከርመው።

«የምን መድረስ! ገና ጥሬ ነው» አለች። «ዘንድሮ ምን እንደነካው እንጃ፣ በጣም ዘገየብኝ። እንኳንም አሁን አልመጣሽ።»

«እንኳንም አልመጣሽ» ማለቱ ከልጇ መቅረት ባላነሰ ከበዳት።

ፋዲላ በእንባዋ መሀል ሳቀች። «እንግዲያው እኔ ሳልመጣ እንዳትቆርጪው!»

«ማን ይነካዋል ልጄ!»

አማረች አፏ ውስጥ የቀረውን ዘር ልትተፋ ጎንበስ ብላ ነበር። ድምፁ በስልኩ ለፋዲላ እንዳይሰማ ዋጠችው።